ክርስቲያን ዕጩ በሌለበት ወረቀት ላይ

በሞያሌ አብያተ ክርስቲያናት የመራጮች ትምህርት ስሰጥ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ከተወዳዳሪዎቹ ክርስቲያኑ የትኛው ነው?» አንዳንዴ የሚጠይቁኝ የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው፤ አንዳንዴ መታወቂያውን ገና ያወጣ ወጣት። ከቅን ልብ የመጣ ጥያቄ ነው። እዚህ በኬንያዋ ሞያሌ ግን አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ ለዋርድም (ለትንሹ የምርጫ ክልል) ሆነ ለፓርላማ ወይም ለካውንቲው ገዥነት ከሚወዳደሩት መካከል ክርስቲያን የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ጥያቄው መልስ ያጣል። መልስ ያጣው መራጭ ደግሞ ወይ ከቤቱ አይወጣም፣ ወይ የጎሳው ሽማግሌዎች የነገሩትን ስም ይዞ ይሄዳል። ሥራዬ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ሞያሌን ድንበር ለሁለት ከፍሏታል። በዚህ በኩል ያለችው በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ካሉት አራት የምርጫ ክልሎች አንዷ ናት። ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ገሪው፣ ከወዲያ ማዶ መጥቶ የከረመው አማርኛ ተናጋሪ ነጋዴም ይኖርባታል። ክርስቲያኑ ከእነዚህ ሁሉ የተውጣጣ ነው። እሁድ ጠዋት በአንድ አዳራሽ ስዋሂሊ፣ ቦረንኛና አማርኛ ተከታትለው ሊዘመሩ ይችላሉ። ይህን ያነሣሁት ስለ መዝሙሩ ብዬ አይደለም፤ በኋላ ስለ ጎሳ ስናገር ያስፈልገኛል።

«ክርስቲያኑ ማነው?» ለሚሉኝ አስቀድሜ የምነግራቸው የ2022ን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ነው (ዘመኑን ሁሉ ኬንያ በምትጠቀምበት በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። አራት ሰዎች ተወዳድረው ነበር። ከአራቱ አንዱ፣ የአጋኖ ፓርቲው ዴቪድ ምዋውሬ ዋይሂጋ፣ ጠበቃም ፓስተርም ናቸው። የ2019 የሕዝብ ቆጠራ እንደሚለው ከመቶ ኬንያውያን ሰማንያ አምስቱ ክርስቲያን ናቸው። ፓስተሩ ያገኙት ድምፅ ግን 0.23 በመቶ ነበር። ዊሊያም ሩቶ 50.49፣ ራይላ ኦዲንጋ 48.85 በመቶ አገኙ። የኬንያ ክርስቲያን ድምፁን ሲሰጥ ከሃይማኖት ማዕረግ ሌላ ብዙ ነገር እንደሚመዝን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ኑሮውን ይመዝናል፣ ጎሳውን ይመዝናል፣ የሚያሸንፈውን ይገምታል። የሚያሳስበኝ ይህን ሁሉ በልቡ ሲመዝን ቆይቶ በጉባኤ ፊት ሲናገር «የጸሎት ሰው ነው» የሚለውን ብቻ ማውጣቱ ነው። ተገልጦ ያልተነገረ ሚዛን ትክክል ይሁን አይሁን ማንም ሊፈትሸው አይችልም።

ቀጥዬ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18ን እንዲያነቡ እጋብዛቸዋለሁ። ሙሴ ከሕዝቡ መካከል ፈራጆችን እንዲሾም የተመከረበት ቦታ ነው፦ ችሎታ ያላቸውን፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፣ እውነተኞችን፣ ያለ አግባብ ጥቅም የሚጠሉትን። ምክሩን የሰጠው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ጉባኤው ትንሽ ያስባል። የሙሴ አማት ዮቶር ነው፤ የምድያም ካህን፣ ከእስራኤል ወገን ያልሆነ ሰው። ሙሴ ምክሩን ሰምቶ ሠራበት። በሞያሌ ለሚኖር ክርስቲያን ይህ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለሹመት የሚሆነውን ሰው የመለየት ጥበብ ከእምነታችን ውጭ ካለ ጎረቤትም ሊመጣ እንደሚችል መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል። ደግሞም ከአራቱ መመዘኛዎች ልብን የሚያየው አምላክ ብቻ የሚያውቀው አንዱ ነው። ሦስቱን ሰው ሊያጣራ ይችላል። የካውንቲው ሒሳብ በየዓመቱ በዋና ኦዲተሩ ይመረመራል፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ይወጣል። የፓርላማ አባሉ ምን እንደተናገረ በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። ባለፈው ጊዜ ለጉድጓድ ቃል የገባ ሰው ጉድጓዱን መቆፈር አለመቆፈሩን ለማየት ደግሞ እስከዚያው ማንያታ (መንደር) በእግር መሄድ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ረጅሙን ሰዓት የምንወስደው በስድስቱ ወረቀቶች ላይ ነው። በኬንያ አንድ መራጭ በአንድ ቀን ስድስት ድምፅ መስጫ ወረቀት ይቀበላል፦ ለፕሬዚዳንት፣ ለካውንቲ ገዥ፣ ለሴናተር፣ ለፓርላማ አባል፣ ለሴቶች ተወካይ፣ ለዋርዱ የካውንቲ ምክር ቤት አባል (ሰዉ ኤም ሲ ኤ የሚለው)። በኢትዮጵያ የምርጫ ጣቢያ ያየ ሰው ሁለት ወረቀት ነው የለመደው፤ ስድስቱ ያስደነግጡታል። ልማዱ ታዲያ ይህ ነው፦ በፕሬዚዳንቱ ወረቀት ላይ ወራት ሙሉ ይጨቃጨቃል፤ አምስቱን የጎሳው ስምምነት እንዳዘዘው ምልክት አድርጎ ይወጣል።

እኔ በተቃራኒው እጀምራለሁ። «ያስቸገራችሁን ነገር ንገሩኝ፤ የየትኛው ወረቀት እንደሆነ አብረን እንፈልግ» እላለሁ። አንዲት እናት በድርቅ ጊዜ የውሃ ቦቴ ሰፈራቸው እንዳልደረሰ ይናገራሉ፦ ውሃ የካውንቲው ሥራ ስለሆነ ጉዳዩ የገዥው ወረቀት ላይ ይወድቃል፤ በጀቱን የሚያጸድቀው ደግሞ ኤም ሲ ኤው የሚቀመጥበት ምክር ቤት ነው። ጤና ኬላው መድኃኒት የለውም፦ እንደገና ካውንቲ። ከብት ታሞ የእንስሳት ሐኪም ጠፋ፦ ካውንቲ። የገበያው መጠለያ፣ የሕፃናት መዋያው፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድ፣ አሁንም ካውንቲ። ልጁ በርሳሪ (የትምህርት ክፍያ ድጋፍ) ያጣበት፣ የትምህርት ቤቱ ክፍል ያልተጠናቀቀበት ሰው ወደ ፓርላማ አባሉ ወረቀት ይሄዳል፤ ለምርጫ ክልሉ የሚመደበው የልማት ፈንድ እዚያ ነውና። የመታወቂያና የጸጥታ ጉዳይ ብቻ ወደ ላይኛው፣ ወደ ብሔራዊው መንግሥት ይወጣል። ዝርዝሩ ሰሌዳው ላይ ሲሞላ አብዛኛው የሚከማችበት ቦታ ሰዉ ሳያስብበት ምልክት አድርጎ የሚያልፋቸው ወረቀቶች ላይ ነው። ጉባኤው ይህን በዓይኑ ሲያይ የውይይቱ መልክ ይቀየራል። «ሙስሊም ነው ወይስ ክርስቲያን?» የሚለው ቀስ በቀስ «ባለፉት አምስት ዓመታት ከቦቴው ጋር ታይቷል ወይ?» ወደሚል ይዞራል። አሁንም እምነታቸውን አልተዉም። የተራበና የተጠማ ጎረቤት ጉዳይ ከእምነታቸው መሐል ያለ ጉዳይ ነው።

የፕሬዚዳንቱ ወረቀት አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንድ ሰው ፕሬዚዳንት ለመሆን ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ፣ እንዲሁም ከ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ ሩብ ድምፅ ማግኘት አለበት ይላል። እንደ ማርሳቢት ያለች ጥቂት መራጭ ያላት ካውንቲም በዚህ ስሌት ዋጋ አላት።

ጎሳን በተመለከተ ዝም ብዬ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ከ2013 ምርጫ በፊት ሬንዲሌ፣ ገብራና ቡርጂ ሬጋቡ የተባለውን ጥምረት ፈጠሩ፤ የመጀመሪያው የካውንቲው ገዥ ሆነው ኡኩር ያታኒ ተመረጡ። በሽማግሌዎች ስምምነት ሥልጣን መከፋፈሉ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በረሃማው ሰሜን ብዙ ደም ያስቀረበት ጊዜም አለ። ነገር ግን ምርጫው ባለቀ በወራት ውስጥ ሞያሌ ተቃጠለች። በ2013 መጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ፤ ቤትና ትምህርት ቤት ጋየ። ያን ጊዜ ተፋላሚ በነበሩት ወገኖች በሁሉም ውስጥ ክርስቲያኖች ነበሩ። ለአንድ ዕጩ «የክርስቲያኑ ምርጫ» የሚል ስም መስጠት በሞያሌ ወዲያው የአንድ ጎሳ ምርጫ ሆኖ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ቡርጂውና ቦረናው፣ ገብራውና አማራው ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያለቅሱበትና የሚዘምሩበት ክፍል በከተማችን ብዙ አይደለም። መጋቢው ከመድረክ ስም በጠራበት ቀን ያ ክፍል ለሁለት ይከፈላል፤ መልሶ ለመግጠም ዓመታት ይፈጃል።

የሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሰላም የከፈለችውን ዋጋ ወጣቶቹ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። በሐምሌ 2005 በቱርቢ መንደር ሕፃናት ጭምር ከተጨፈጨፉ በኋላ በጎሳዎቹ መካከል እርቅ ለማውረድ የተነሣ ቡድን በሚያዝያ 2006 በወታደራዊ አውሮፕላን ወደ ማርሳቢት ሲጓዝ አውሮፕላኑ ተከስክሶ 14 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል የሞያሌው የፓርላማ አባል ጉራቻ ገልገሎና የሰሜን ሆሩ ቦናያ ጎዳና ነበሩ። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያኑ ጳጳስ ዊሊያም ዋቆም አብረው ነበሩ። በዚያ ጉዞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ቦረናውና ገብራው አብረው ተሳፍረው ነበር።

የአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናትም ወገን አለመያዝን በመራራ መንገድ ነው የተማሩት። ከታኅሣሥ 2007 ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ በኤልዶሬት አቅራቢያ በኪያምባ ሰዎች የተሸሸጉበት ቤተ ክርስቲያን በእሳት ጋየ። በየካቲት 2008 የኬንያ አብያተ ክርስቲያናት ብሔራዊ ጉባኤ ወገንተኛ ሆነን ስለነበር ችግሩን በአግባቡ ልንጋፈጠው አልቻልንም ብሎ በይፋ ተጸጸተ። ለመጋቢዎች በማዘጋጀው ሥልጠና ይህን መግለጫ ሳላነሣ አላልፍም። ከመድረክ ስም መጥራት እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ቦታ አለ፤ ለእኔ ድፍረት ሆነው የሚታዩኝ በዚያ ዓመት «በድለናል» ያሉት ናቸው።

ወሬ ደግሞ ሌላው ፈተና ነው። በ2010 አዲሱ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ተቃውመውት ነበር፤ አንዱ ምክንያታቸው የቃዲ ፍርድ ቤቶች መካተታቸው ነው። ሕዝቡ በ67 በመቶ ያህል ድምፅ አጸደቀው። ያ ክርክር እዚህ ከተማ እስካሁን አልሞተም፤ ምርጫ በቀረበ ቁጥር «እገሌ ከተመረጠ ክርስቲያኑን ቃዲ ፊት ያቆመዋል» የሚል ወሬ ይነሣል። መድኃኒቱ አንቀጽ 170ን አውጥቶ አብሮ ማንበብ ነው። የቃዲው ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስና በግል ሁኔታ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሙስሊም ሲሆኑና ራሳቸው ሲፈቅዱ። አንቀጽ 8 የመንግሥት ሃይማኖት አይኖርም ይላል። አንቀጽ 91 በሃይማኖት ላይ የተመሠረተ ፓርቲ እንዳይኖር ይከለክላል፤ ይህ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እኩል ይሠራል። ጽሑፉን በገዛ ዓይኑ ያነበበ ምእመን ወሬ ለሚያመጣለት ሰው የሚመልሰው ቃል ያገኛል።

አሁን ወደ ገንዘብ ጉዳይ ልሻገር። በመስከረም 2021 የአንግሊካኑ ሊቀ ጳጳስ ጃክሰን ኦሌ ሳፒት ፖለቲከኞች በቅዳሴ ላይ ንግግር እንዳያደርጉ ከለከሉ፤ የካቶሊክ ጳጳሳትም እንዲሁ አደረጉ። ይሁንና በሰኔ 2024 የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን ተቃውመው አደባባይ የወጡት ወጣቶች ጣታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያንም ቀሰሩ፤ የፖለቲከኛ ገንዘብ መቀበል ይቁም አሉ። በኅዳር 2024 የናይሮቢ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ፕሬዚዳንት ሩቶ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የሰጡትን ገንዘብ መለሰ። ትልቅ ሀገረ ስብከት ይህን ማድረግ ይችላል። ቆርቆሮው ተነቅሎ ዝናብ የሚገባባት፣ ሠላሳ አባል ያላት የሞያሌ ጉባኤ ግን ስጦታ ስትመልስ ምን እንደሚሰማት አስቡ። ለመጋቢዎቹ የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ስጦታ ከመጣ በጽሑፍ ይመዝገብ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይሁን፣ ሰጪው መድረክ ላይ አይውጣ፣ ምርጫው ስድስት ወር ሲቀረው ደግሞ ጨርሶ አይቀበሉ።

ለመራጩ የሚሰጠው ደግሞ ስኳር ነው፣ ጫት ነው፣ አሁን አሁን ኤም-ፔሳ ላይ የሚገባ ብር ነው። በ2016 የወጣው የምርጫ ወንጀሎች ሕግ ሰጪንም ተቀባይንም ያስጠይቃል፤ ቅጣቱ እስከ 2 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 6 ዓመት እስራት ወይም ሁለቱም ነው። ሕጉን መናገር ቀላል ነው። የሚከብደው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አንዲት እህት ጠጋ ብለው፣ «ብሩን ተቀብያለሁ፤ እመርጥሃለሁ ብዬም ምያለሁ። ባልመርጠው ኃጢአት አይሆንብኝም ወይ?» ሲሉ ነው። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሁሌም ከሴቶች ነው የሚመጣው፣ ሁሌም በለሆሳስ። ጠያቂዋን ወደ መጋቢያቸው እመራለሁ፤ ነፍስን የሚመለከት ነገር ነውና። ነገር ግን ከመጋቢዎቹ ጋር ቁጭ ብለን የተስማማንበት አለ። ሄሮድስ በመሐላው ምክንያት የዮሐንስ መጥምቅን ራስ አስቆረጠ፤ መሐላውን መጠበቁ ግን ጽድቅ ሆኖ አልተቆጠረለትም። ክፉ ነገር ለማድረግ የተገባ መሐላ ንስሐ ይፈልጋል፤ መፈጸም አያስፈልገውም።

ደግሞም እህቲቱ ማንን እንደመረጡ ማንም አያውቅም፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደግሜ እነግራቸዋለሁ። ዕድሜ ያላቸው የ1988ን ምርጫ ያስታውሳሉ፤ ያኔ አገሪቱን ይገዛ የነበረው የካኑ ፓርቲ መራጩን ከዕጩው በስተኋላ አሰልፎ ይቆጥር ነበር፤ 70 በመቶ ያገኘው ያለ ተቀናቃኝ አለፈ ይባል ነበር። የዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች አሰላለፉን በብርቱ ተቃወሙ፤ መጋቢ ከምእመናኑ ፊት ከአንድ ፖለቲከኛ ጀርባ ሊሰለፍ አይገባም አሉ። ዛሬ መጋረጃው ተመልሷል። ማንበብ የማይችል ወይም ዓይኑ የደከመ መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ ያ ረዳት በዚያ ምርጫ ከአንድ ሰው በላይ መርዳት አይፈቀድለትም። ረዳት የሌለውን የጣቢያው ኃላፊ በዕጩ ወኪሎች ፊት ይረዳዋል። በጎሳ ስም አሥር እናቶችን አሰልፎ «እኔ እሞላላቸዋለሁ» የሚል ጎረምሳ ሲመጣ ይህን ሕግ ማወቅ እናቶቹን ያድናል።

ድንበር ላይ ስለምንኖር አንድ ጉዳይ ይቀራል፤ ሁለት መታወቂያ የያዘ ወገን። ኬንያ ከ2010 ወዲህ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች፤ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ግን አይፈቅድም። እዚህም እዚያም ድምፅ የሚሰጥ ሰው በአንደኛው ወገን ሕግ እየጣሰ ነው። ከማዶ በመኪና ተጭነው መጥተው ድምፅ ስለሚሰጡ ሰዎች በየምርጫው ሐሜት አለ፤ ክርስቲያን ከዚያ መኪና ላይ ሊገኝ አይገባም። በሌላ በኩል እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ ስሙ አበሻ ስለሆነ ብቻ መታወቂያ የሚከለከል ወጣት አለ። በየካቲት 2025 ፕሬዚዳንት ሩቶ በዋጂር ሆነው በድንበር ካውንቲዎች ይደረግ የነበረው ልዩ ማጣሪያ እንዲቀር አዘዋል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ሆይ፣ ልጃችሁ 18 ዓመት ከሞላው የልደት ማስረጃውንና የትምህርት ቤት ወረቀቱን ይዛችሁ አሁኑኑ ሂዱ፤ ቀጣዩ ምርጫ ነሐሴ 10 ቀን 2027 ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ይዘጋል።

በዚህ ዙር ከወጣቶቹ ጋር የያዝነው ሥራ ለሦስት ዋርዶች የጥያቄ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ዕጩዎቹን የምንጠራቸው ወደ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ቤተ መቅደስ አይገቡም፤ የመስጊዱ ወጣቶችም አብረው ይቀመጣሉ። ውሃ፣ የጤና ኬላው መድኃኒት፣ የክርስቲያኑ የመቃብር ቦታ፣ የገበያው መብራት፤ ለየዕጩው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብለታል፤ መልሱ በሁሉ ፊት በደብተር ይጻፋል። ካውንቲው የበጀት አቅጣጫውን እስከ የካቲት 28፣ ዝርዝር በጀቱን እስከ ሚያዝያ 30 ለምክር ቤቱ ማቅረብ አለበት፤ ሕዝቡም በመሐል አስተያየት እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። ያን ስብሰባ እስከዛሬ የሚሞሉት አበል የለመዱ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ደብተሩን ይዘው የሚሄዱትን ሁለት ክርስቲያንና ሁለት ሙስሊም ወጣቶች ከወዲሁ መርጠናል፤ ከምርጫው በኋላ የመጀመሪያው ስብሰባቸው የካቲት 2028 ላይ ይሆናል።